ለሚቀጥለው ወር የተመረጠው መጽሐፍ

ውድ የንባብ ቡድናችን አባላት፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

በወንጀል ልብ ወለድ ተራችን የዲክ ፍራንሲስን «ኦድስ አጌንስት» እናነባለን። ሰውየው ብዕር ከማንሳቱ በፊት ፈረስ ጋላቢ ነበር፤ ያውም የብሪታኒያ ሻምፒዮን። በ1956 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በግራንድ ናሽናል ውድድር የንግሥቲቱን እናት ፈረስ ዴቨን ሎክን እየጋለበ ይመራ ነበር። መሰናክሉን ሁሉ ጨርሶ ድሉ እጁ ሊገባ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩት፣ ፈረሱ ሜዳው ላይ በሆዱ ተዘረጋ። ምክንያቱ ዛሬም ያከራክራል። በማግስቱ ዓመት ግልቢያውን ተወ፤ በ1962 የመጀመሪያ ልብ ወለዱን አሳተመ።

የእኛው በ1965 የወጣ ነው። ሲድ ሃሌይ ግራ እጁ በውድድር አደጋ የሰለለ የቀድሞ ጋላቢ ነው፤ አሁን በመርማሪ ድርጅት ተቀጥሮ ይሠራል። ገና ከመነሻው በጥይት ይመታል። የተወሳሰበውን ሴራ ለእናንተ ልተወውና አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ዋናው ወንጀል ውድድር ማጭበርበር ሳይሆን የመሬት ጉዳይ ነው። የውድድር ሜዳው እንዲከስር አደጋ በላይ በላዩ ይደርስበታል፤ ኬሚካል የጫነ ቦቴ ሳይቀር ይገለበጥበታል። አክሲዮኑን የሚሰበስቡት ሰዎች ቦታውን ለቤት ግንባታ መቸብቸብ ነው የፈለጉት። (ለአዲስ አበባ ልጅ ይህ ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለኝም።)

እንግሊዝኛው ቀላል ነው፣ አትፍሩት። ቅጂው ጥቂት ስለሆነ የጨረሰ ቶሎ ያስተላልፍ። መጨረሻውን ቀድማችሁ ያወቃችሁም፣ እባካችሁ ከውይይቱ በፊት አታውጡብን።