አማርኛ የሚጽፍ ሊኑክስ በፍላሽ

ሰላም ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ? ደብረ ብርሃንም ሸዋ ሮቢትም ላላችሁ ነው። ከፍላሽ የሚነሳ የራሳችንን ዴቢያን (አንድ የሊኑክስ ዓይነት ነው) እንሥራ። መሣሪያው ላይቭ-ቢልድ የሚባል ፕሮግራም ነው፣ በተርሚናል ትእዛዝ ይሠራል። «ኤልቢ ኮንፊግ» (lb config) ስትሉት የማዋቀሪያ ፎልደሮቹን ይፈጥራል፣ የፕሮግራሞቹን ስም በፓኬጅ ዝርዝሩ ፋይል ውስጥ ትጽፋላችሁ፣ ከዚያ በሩት (በአስተዳዳሪ መብት) ሆናችሁ «ኤልቢ ቢልድ» (lb build) ብላችሁ መጠበቅ ነው። ዳታ ይበላል። ግን «ኤልቢ ክሊን» (lb clean) ብላችሁ እንደገና ብትጀምሩም ያወረደውን ካሽ (ለድጋሚ ያስቀመጣቸውን ፋይሎች) አይነካውም፣ ስለዚህ ሁለተኛው ዙር ይቀላል።

አደራ የምላችሁ አማርኛውን ነው። የአቢሲኒካ ፎንትና የአይባስ ኪቦርድ (አማርኛ መጻፊያው) ዝርዝሩ ውስጥ ይግቡ። ፎንቱ ከሌለ ተማሪው የሚያየው ባዶ ሳጥን ብቻ ነው፣ ያ ደግሞ ልፋታችንን ገደል ይከተዋል።

ሌላው መብራት ነው። ላይቭ ሲስተም (እንዲህ ከፍላሽ የሚነሳው) የምትጽፉትን ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ላይ ስለሚይዝ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። መፍትሔው ፍላሹ ላይ «ፐርሲስተንስ» (persistence) የሚል ስም ያለው ሌላ ፓርቲሽን (የፍላሹን ክፍል) መክፈል፣ ውስጡ persistence.conf የምትባለውን ትንሿን የማዋቀሪያ ፋይል ማስቀመጥና ሲነሳ እንዲጠቀምበት ይህንኑ persistence የሚል ቃል በቡት (በማስነሻ) ትእዛዙ ላይ መጨመር ነው። ያላስቀመጣችሁትን አያድንም፣ ያስቀመጣችሁት ግን ይቆያል።

አይኤስኦው (ላይቭ-ቢልድ የሚያወጣው ፋይል) ሲያልቅ መጀመሪያ ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተራችሁ ውስጥ በፕሮግራም የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ላይ ሞክሩት። ምን ፕሮግራም ይግባ? እዚሁ ጻፉልኝ።