ከመርፌው ጀምር

ደብረ ማርቆስ

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፤

እንደምን ከርመሃል? እናትህስ እንዴት ናቸው? የባህር ዳር ሰው ሁሉ ደህና ነው ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤ ሳንለዋወጥ ስንት ክረምት አለፈ፤ ቢሆንም ከልቤ አልራቅህም። ሰሞኑን እህትህ ደውላ የአጎትህ ሸክላዎች እጅህ እንደገቡ፣ ሌሊት ማንንም ሳትረብሽ በጥሩ ሄድፎን ልትሰማቸው እንዳሰብክ፣ እሷም ከአሜሪካ ማጫወቻ ልትልክልህ እንደሆነ ነገረችኝ። ምን ልግዛለት አለችኝ። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ለአንተው ጻፍኩልህ። ገንዘብ ሳይወጣ አንብበው።

በመጀመሪያ ከአሜሪካ ስለሚመጣው ማጫወቻ። በእኛ አገር መብራቱ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ የእነሱ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። ሰው ሁሉ ቮልቱን ያስብና ትራንስፎርመር ገዝቶ ያርፋል። ትራንስፎርመር ግን ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። በቺንጋ ከሚዞሩት ማጫወቻዎች ብዙዎቹ ፍጥነታቸውን የሚወስዱት ከመብራቱ ኸርዝ ነው፤ ለ60 የተሠራው በ50 ሲሰካ በደቂቃ 33⅓ መዞር የነበረበት ወደ 27.8 ይወርዳል። ዘፋኙ ሁሉ ወፍራም ድምፅ ይዞ እየተጎተተ ይዘፍንልሃል። መፍትሔው ለ50 ኸርዝ የተሠራ ፑሌጃ ማስገባት ነው፤ እሱ ደግሞ ባህር ዳር ገበያ ላይ አይገኝም። ስለዚህ እህትህን ፍጥነቱን በኳርትዝ ክሪስታል የሚቆጣጠር፣ ሞተሩ ራሱ ሳህኑን የሚያዞር ዳይሬክት ድራይቭ እንድትፈልግ ንገራት። እሱ ለኸርዙ ደንታ የለውም፤ የሚያየው ቮልቱን ብቻ ነው። ወይም በውጭ አዳፕተር የሚሠራ ይሁን፤ አዳፕተሩ ላይ 100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ የሚል ጽሑፍ መኖሩን ታረጋግጥ። ዳይሬክት ድራይቩ ቺንጋም የለውም፤ ቺንጋ ላልቶ ሲንሸራተት ምትክ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ከመላክ ትድናለህ።

በ1972 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የወጣው ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 እንዲህ ያለ ዳይሬክት ድራይቭ ነው፤ አቅሙ ካለ ከአዲሶቹ አንዱን ውሰድ። ገንዘቡ ካነሰ ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤልፒ120ኤክስ በቂ መነሻ ነው። የሁለቱም የካርትሪጅ (መርፌው የሚሰካበት፣ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ትንሽ አካል) መያዣ ተነቃይ ስለሆነ ካርትሪጅ መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሻንጣ መሰሎቹን፣ መርፌያቸው 5 ግራም ያህል የሚጫነውን፣ ቢሰጡህም አትቀበል፤ የአጎትህን ሸክላ ይበሉታል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። በድምፅ ማጉያ ስትሰማ የክፍሉ ግድግዳና የመንገዱ ጫጫታ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ሄድፎን ምንም አይሸፍንም፤ የሞተር ማጉረምረም፣ የመርፌ መንሸራተት፣ የኧርዝ ኡምታ፣ የአቧራው ጠቅታ ሁሉ ቀጥታ ጆሮህ ውስጥ ነው። በአንጻሩ አንድ ትልቅ ችግር ያስቀርልሃል፤ ከድምፅ ማጉያው ተነስቶ ወደ መርፌው የሚመለስ ንዝረት አይኖርም። ስለዚህ ለከባድ መደርደሪያና ለውድ እግር የሚወጣውን ገንዘብ ወደ መርፌው አዙረው። እኔ አጥብቄ የምልህ ይኼን ነው፦ ሰዎች ውዱን ሄድፎን ይገዙና በርካሽ መርፌ ያዳምጣሉ፤ ያ ሄድፎን የሚያሰማቸው የመርፌውን ድክመት ብቻ ነው።

ለምን መሰለህ? በትልቁ ሸክላ ላይ ጠርዙ አካባቢ መርፌው ሥር የሚያልፈው መስመር በሰከንድ 51 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። መጨረሻው ዘፈን ላይ፣ መሃሉ አጠገብ፣ ወደ 21 ይወርዳል። ያው ሙዚቃ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ተጨምቆ ተቀርጿል ማለት ነው። ክብ ጫፍ ያለው መርፌ እዚያ ጠባብ ጥምዝ ውስጥ መግባት ያቅተዋል፤ "ሰ" እና "ሸ" መሻከርና መርጨት ይጀምራሉ። በድምፅ ማጉያ ታልፈዋለህ፤ በሄድፎን ግን ሁለተኛውን ዘፈን ሳትጨርስ ታወልቀዋለህ። ማይክሮላይን የሚባለው ጫፍ ቀጭን ስለሆነ ይገባል። ሌላም ጥቅም አለው፤ አሮጌ ሸክላ ላይ የቀድሞዎቹ ከባድ መርፌዎች ያላረሱትን የመስመሩን ግድግዳ ክፍል ሊያገኝ ይችላል።

ስለዚህ ኦዲዮ-ቴክኒካ ቪኤም95 የሚባለውን ካርትሪጅ ያዝ። ኤልፒ120ኤክስ ከቪኤም95ኢ ጋር ስለሚመጣ አካሉ አለህ ማለት ነው፤ መርፌውን ብቻ ነቅለህ የኤምኤሉን፣ ማለትም የማይክሮላይኑን፣ ትሰካለህ። ፋብሪካው ለኢ መርፌ 300 ሰዓት፣ ለኤምኤል 1000 ሰዓት ዕድሜ ስለሚሰጥ ውድነቱ ራሱን ይከፍላል። ሙቪንግ ኮይል የሚባሉትን፣ መርፌያቸው በማግኔት ፈንታ ጥቅል ሽቦ የሚያንቀሳቅሰውን ካርትሪጆች፣ ለአሁኑ ተዋቸው። ብዙዎቹ 0.3 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ስለሚሰጡ 1000 እጥፍ ማጉላት ይፈልጋሉ፤ የአምፕሊፋየሩ ሽሽታም በሄድፎን ይሰማል። መርፌያቸው ሲያልቅም ካርትሪጁ በሙሉ ይቀየራል።

ገጠማው ላይ አትቸኩል። ማጫወቻውን በግንበኛ ውሃ ልክ አስተካክል፤ በቁመትም በአግድምም ሳህኑ ላይ አድርገህ እየው። ከዚያ ካርትሪጁን የሚሸከመውን ክንድ በአየር ላይ እስኪንሳፈፍ አመጣጥነህ ቁጥሩን ዜሮ አድርግና ወደ 2 ግራም አምጣው። የክንዱን ቁጥር ብቻ አትመን። ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን፣ 0.01 ግራም የሚያነብ፣ ፈልግ፤ መድረኩ ብረት ከሆነ የካርትሪጁ ማግኔት ስቦት ውሸት ይነግርሃልና ብረት ያልሆነውን ምረጥ። የሚፈቀደው ከ1.8 እስከ 2.2 ነው። ቀለል ማድረግ ሸክላውን የሚያተርፍ ይመስላል፤ በተቃራኒው መርፌው እየዘለለ ግድግዳውን ይመታዋል። ቴክኒክስ ከሆነ ከመያዣው አንገት ጎማ እስከ መርፌው ጫፍ 52 ሚሊሜትር ይሁን። ሌላ ከሆነ ካርትሪጅ ማስተካከያ በሚሆነው የወረቀት መለኪያ ሁለት ነጥቦች ላይ የካርትሪጁ ጎን ከመስመሩ ጋር እኩል እስኪሆን ብሎኖቹን አላልተህ አስተካክል።

አሁን ትንሽ መስታወት ሳህኑ ላይ አስቀምጥና መርፌውን ቀስ ብለህ አውርድበት። ፊት ለፊት ቁልቁል ብለህ ተመልከት፤ መርፌውና መስታወቱ ውስጥ የሚታየው ምስሉ አንድ ቀጥ ያለ መስመር መሥራት አለባቸው። መሃል ላይ ከተሰበረ ካርትሪጁ ወደ አንድ ጎን ተጋድሟል፤ የመያዣውን ብሎን ላላ አድርገህ በጣም በጥቂቱ አዙረው። ይህን የዘለለ ሰው ሄድፎን ሲያደርግ የግራው ወደ ቀኝ እየፈሰሰ መሳሪያዎቹ ሁሉ መሃል አናቱ ላይ ይከማቹበታል። ክንዱ ወደ መሃል እንዳይሳብ የሚይዘውን አንቲስኬት ከክብደቱ ጋር እኩል፣ 2 ላይ፣ አድርገው ጀምር። ሙዚቃው ጮክ ሲል በቀኝ ጆሮህ ብቻ ድምፁ ቢሻክር አንቲስኬቱ አንሷል ማለት ነውና ጨምርለት።

የመርፌው ድምፅ 3.5 ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ ፎኖ ፕሪአምፕ ያስፈልጋል፤ 100 እጥፍ አጉልቶ፣ ሲቀረጽ የተቀነሰውን ባስ መልሶ፣ የተጨመረውን ቀጭኑን ድምፅ ይቀንሳል። ማጫወቻው ውስጥ የተሠራው ለመጀመሪያው ወር ይበቃል፤ በኋላ ግን ለብቻው የተሠራ ጸጥ ያለ ግዛ። ግቤቱ 47 ኪሎ ኦም፣ የኬብሉና የግቤቱ ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክ የማጠራቀም አቅም) ተደምሮ ለቪኤም95 ከ100 እስከ 200 ፒኮፋራድ ይሁን። ረጅም ኬብል ይህን ቁጥር ያሳድገውና ቀጭኑ ድምፅ ጆሮ ይወጋል። ከ1 ሜትር አትለፍ።

ኡምታ ከሰማህ አትሩጥና አዲስ ዕቃ አትግዛ። የማጫወቻው ቀጭን የኧርዝ ሽቦ ከፎኖው ብሎን ጋር መታሰሩን እይ። የእኛ ቤቶች ሶኬት ብዙ ጊዜ ኧርዝ የለውም፤ ስለዚህ ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ማከፋፈያ ሰካ። ስታብላይዘር ወይም ትራንስፎርመር ካለ ከካርትሪጁ ቢያንስ አንድ ክንድ አርቀው፤ ማግኔቱ በቀጥታ ወደ ካርትሪጁ ይገባል። ርካሽ ዩፒኤስ መብራት ሲጠፋ የሚሰጠው ሞገድ የተሰባበረ ስለሆነ ቢዝ የሚል ድምፅ ያመጣል፤ መብራት ከሄደ መርፌውን አንስተህ መጠበቅ ይሻላል።

ሄድፎኑ ላይ አላረዝምም። ሰንሃይዘር ኤችዲ 600 ወይም 650 ይበቃሃል፤ 300 ኦም ናቸው፣ ትራሱና ገመዱ ይቀየራል፣ የአሮጌ ሸክላን ሽርሽርታ አያጋንኑም። አንድ ነገር ግን አስብበት፤ ጀርባቸው ክፍት ነው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከሙዚቃው እኩል ይሰማል። የምትሰማበት ክፍል ኮርኒስ ከሌለው ዝጉን፣ ለምሳሌ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ባለ 250 ኦሙን፣ ምረጥ። የሄድፎን አምፕሊፋየሩ የመውጫ ኦሙ ከሄድፎኑ ኦም ስምንተኛ በታች ይሁን። የድሮ ሬሲቨሮች የሄድፎን ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይበልጣል፤ ከ650 ጋር ባሱን ያሳብጠዋል። ሲዲ 2 ቮልት ሲሰጥ ፎኖው የሚሰጠው 0.35 ገደማ ነውና የድምፅ ቁልፉን ከለመድከው በላይ ብታዞር አትደንግጥ። መርፌ ስታወርድና ስታነሳ ግን ቁልፉን ወደ ዜሮ መልሰው፤ ያ ጓ የሚል ድምፅ ለጆሮህም ለሄድፎኑም አይበጅም።

ሁለት ነገር ብትሰማ የዕቃው ጥፋት እንዳይመስልህ። ዘፈኑ ሊጀምር 1.8 ሰከንድ ሲቀረው ራሱ ዘፈኑ በስሱ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማል። በትልቁ ሸክላ አንድ ዙር የሚፈጀው 1.8 ሰከንድ ነው፤ የጎረቤቱ መስመር ግድግዳውን ገፍቶ ያስተላለፈው ነው። የዋሽንት ወይም የማሲንቆ ረጅም ድምፅ በእያንዳንዱ ዙር ከፍ ዝቅ ካለ ደግሞ የሸክላው ቀዳዳ ከመሃሉ ፈንጠር ብሎ ተበስቷል ማለት ነው፤ በሌላ ሸክላ ሞክረህ አረጋግጥ።

የአጎትህ ትንንሾቹ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች፣ የሸክላ አሳታሚው አምሃ ሪከርድስ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጣቸው ዓይነት፣ ብዙዎቹ ሞኖ ናቸው። እነዚህን በሄድፎን ስትሰማ ዘፋኙ መሃል ይቆምና ጠቅታው በግራና በቀኝ ይረጫል። ሞኖ መስመር የሚወዛወዘው ወደ ጎን ብቻ ነው፤ አቧራና ጭረት ግን መርፌውን ወደ ላይና ወደ ታች ያናውጡታል። ሞኖ ማብሪያ ያለው ፎኖ ሁለቱን ጎን ሲደምር የላይና የታቹ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ለእንዲህ ያለ ስብስብ ይህ ማብሪያ ከማንኛውም ውድ ኬብል ይበልጣል። ቀዳዳቸው ሰፊ፣ 38 ሚሊሜትር፣ ከሆነም መሃል የሚገባውን ቁራጭ አትርሳ።

ሳታጥብ ግን አንድም አታጫውት። ነዳጅ ማደያ ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ግዛ፤ አሲዱን እንዳይሰጡህ ጽሑፉን አንብብ። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ነገር መስመሩ ውስጥ ይተዋል። አንድ ሊትር ውስጥ ሽታ የሌለው የዕቃ ማጠቢያ ሁለት ሦስት ጠብታ ጨምር፤ በማይክሮፋይበር ጨርቅ መስመሩን ተከትለህ ዙሪያውን እሸው፤ መሃሉ ያለው ወረቀት አይርጠብ። ከዚያ በንጹህ የተጣራ ውሃ ብቻ አለቅልቀህ አቁመህ አድርቀው። በነጠላ ጫፍ መጥረግ ክር ይተዋል። የ78 ዙር ሸክላ ካገኘህ አልኮል ጠብ እንዳታደርግበት፤ ይሟሟል። ሁሉንም አቁመህ አስቀምጥ፤ ከጣራው ሙቀት ራቅ አድርግ፤ ከጣናው እርጥበት የተነሳ ሽፋኑ እንዳይሻግት ከግድግዳው ሳይጠጋ ይሁን።

እንግዲህ ሦስት ነገር ጻፍልኝ፦ ከሸክላዎቹ ስንቱ 45፣ ስንቱ 78 እንደሆነ፤ የክፍልህ ሶኬት ኧርዝ እንዳለው፤ ክፍሉ ኮርኒስ እንዳለው። 78 ካለ እህትህ ቪኤም95ኤስፒ የሚባለውን መርፌ ትጨምር፤ እሱ በዚያው አካል ላይ ይሰካል፣ ክብደቱ ግን 5 ግራም ነው። ማጫወቻውም 78 የሚዞር መሆን አለበት፤ የድሮው ቴክኒክስ ኤምኬ2 የለውም። መልስህ እስኪደርሰኝ ምንም አትግዙ።

እናትህን ሳምልኝ።

ወዳጅህ