ሰኔ ሳይገባ መሻገሪያውን እንጨርስ፦ ከጅሩ ለተወላጆችና ለወዳጆች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ወገኖቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ይህን የምንጽፍላችሁ በሰሜን ሸዋ፣ በሞረትና ጅሩ ወረዳ፣ ከእነዋሪ ከተማ ወጣ ብላ ካለችው ጎጣችን ነው። ብዕሩን የያዝኩት የእድሩ ጸሐፊ እኔ ብሆንም ቃሉ የጉባኤው ነው። በወንዛችን ላይ ሰውና የተጫነ አህያ የሚያሳልፍ ድልድይ ጀምረናል። ድንጋዩ ከካባው ወጥቶ ወንዙ ዳር ተከምሯል፤ አሸዋው ተጓጉዟል፤ የመሠረቱ ጉድጓድ በሁለቱም ዳርቻ ተቆፍሯል። የቀረን ጉልበት የማያመጣው ነገር ነው፤ ሲሚንቶ፣ ፌሮ ብረትና የጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት ቅርጫት) ሽቦ።

የጅሩን አፈር እዚያ የተወለደ ያውቀዋል፤ ላላየው ግን ጥቂት ልበል። ሜዳው ሁሉ ጥቁር አፈር ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል፤ ክረምት ሲገባ ያብጥና ውሃ አላሳልፍ ይላል። ስንዴው በውሃ ተኝቶ እንዳይበሰብስ ሴቶችና ልጆች አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ መደብና ቦይ ያወጣሉ፤ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። ታዲያ ከየማሳው በቦይ የተሸኘው ውሃ የት ይሄዳል? ወደ ጀማ ሸለቆ ከመውረዱ በፊት በእኛ ወንዝ በኩል ያልፋል። እህሉን ያተረፍንበት ዘዴ መንገዳችንን ይዘጋብናል ማለት ነው። በጥር ጥጃ የሚዘልለው ወንዝ በሐምሌ ጎልማሳ ይወስዳል።

ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ቤተ ክርስቲያኑና ወደ እነዋሪ ገበያ የሚወስደው መንገድ ያሉት ከወንዙ ማዶ ነው። ክረምት ላይ ጤፍ ለመሸጥ የተነሳ ገበሬ ጎርፉ እስኪጎድል ዳር ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ወይም መንገዱን ዘልቆ ለመጣው ነጋዴ ነጋዴው በቆረጠው ዋጋ ይሰጣል። ሬሳ ይዘን ቆመን የዋልንበት ቀንም አለ።

ባለፈው ፍልሰታ ደግሞ አንዲት ወላድ ሌሊት ምጥ ጠናባት። አምቡላንሱ ተጠርቶ ማዶ ደርሷል፤ መብራቱ ከዚህ ይታያል። መሻገር ግን አልቻለም። ጎረምሶቹ ገመድ ከግራር ግንድ ወደ ግራር ግንድ ወጥረው፣ የእድሩን ቃሬዛ በትከሻቸው ከፍ አድርገው፣ ውሃው እስከ ወገባቸው ደርሶ አሻገሯት። እናትና ልጅ ደህና ናቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ቃሬዛውን ከኋላ ይዞ የነበረው ልጅ ግን እግሩ ሸርተት ሲል የሁላችንም ነፍስ ከጉሮሯችን ደርሶ ነበር።

እድራችን ድሮ ሥራው ቀብርና ለቅሶ ብቻ ነበር። አሁን የጎጡ ጉዳይ ሁሉ የሚወርደው እዚያ ነው፤ የሰው ማሳ የገባ ከብት፣ ምንጭ ዳር የተተከለ ባሕር ዛፍ፣ ሌሊት ሰው የሚነክስ ውሻ። ከሁሉም የከረረው ክርክር የመንገዱ ነበር። ከመንገድ ጋር የሚዋሰን ገበሬ በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም ወደ መንገዱ ሲያርስ ኖሮ፣ ሁለት ጭነት አህያ ጎን ለጎን የሚያልፍበት መንገድ ለአንዷ ጠበባት። ስንጠይቅ ሁሉም የሚጠቁመው ጎረቤቱን ነው። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ገመድ ዘርግተው ለኩ፤ የመጀመሪያውን መሬት የመለሱት ከሽማግሌዎቹ አንዱ ስለነበሩ ሌላው አፉ ተያዘ። ዛሬ ወደ ድልድዩ የሚወስደው መንገድ ክፍት ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ከድልድዩ ይልቅ ይህ ነበር የከበደን።

ከድልድዩ በፊት ለእድሩ አዳራሽ እንሥራ፣ ወንበርም እንግዛ ያሉ ነበሩ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ዝናብ ላይ ድንኳን መትከል ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። እናቶች ግን አንድ ላይ ተነስተው አዳራሹ ቢሠራ ከማዶ ያለው ለቀስተኛ በምን ተሻግሮ ሊቀመጥበት ነው ብለው ጠየቁ። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ባሕር ዛፍ አጋድመን የምንሠራው ድልድይ ራሱ ክረምቱን አይሻገርም። ስለዚህ በዚህ ጊዜ የወረዳውን የመንገድ ባለሙያ አማክረናል። ጥቁር አፈር ላይ የቆመ ግንብ አፈሩ ባበጠና በተሰነጠቀ ቁጥር አብሮ ስለሚላወስ፣ መሠረቱ አፈሩን አልፎ አለት ላይ መቀመጥ አለበት። በአንዱ ዳርቻ አለቱ ቶሎ ተገኘ። በሌላው ግን ቆፋሪዎቹ ከጉድጓዱ በመሰላል እስኪወጡ ድረስ ወርደዋል። ከውቂያ በኋላ እያንዳንዱ ቤት ስንዴ አዋጥቶ፣ ተሸጦ፣ የመሠረቱ ሲሚንቶ ተገዝቷል። መሬት የሌላቸው ወጣቶች በስንዴ ፈንታ የጉልበት ቀን ጨምረዋል።

አሁን የሚያጣድፈን ጊዜው ነው። ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ የሚጠበቅበትን ጥንካሬ የሚያገኘው በ28 ቀን ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃ እየጠጣ መክረም አለበት። ለግንቦት ልደታ ካፈሰስን ሰኔ ሚካኤል ሲደርስ ድልድዩ ጭነት ይችላል። ከዘገየን ግን የቆፈርነው ጉድጓድ በጎርፍ ይሞላና የመጪው ዓመት ሥራችን ደለል ማውጣት ይሆናል። ስለዚህ ዕቃው እስከ መጋቢት መጨረሻ እጃችን እንዲገባ እንፈልጋለን።

የገንዘብ መጠን አንጠቅስም። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ዛሬ የጻፍነውን ነገ ውሸት ያደርገዋል፤ በዕቃ ብናስበው ይሻላል። አንድ ሰው ባለ 50 ኪሎ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ይያዝ። የቻለ አንድ ፌሮ። በማኅበር ወይም በእቁብ ያላችሁ ተሰብስባችሁ የአንድ የጋቢዮን ቅርጫት ሽቦ ያዙ፤ ድንጋዩን እኛ እንሞላዋለን። አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ያላችሁ የጅሩ ልጆች፣ ውጭ አገር ያላችሁም፣ የመጀመሪያው ዓይናችን እናንተ ላይ ነው። በበዓል ሰሞን የጅሩ ሰንጋ ካልሆነ የምትሉ ወዳጆቻችንም ብትሆኑ፣ ሰንጋው የሚመጣው በዚህ መንገድ ነውና ነገሩ አይመለከተንም አትበሉ።

ስለ ገንዘቡ አያያዝ ግልጽ እንሁን። ሒሳቡ የተከፈተው በእድሩ ስም ነው፤ ሊቀመንበሩ፣ ገንዘብ ያዡና ከእናቶች የተመረጡ አንዲት ሴት ሦስቱም ካልፈረሙ አይወጣም። የሒሳብ ቁጥሩን የምትጠይቁት ከጎጣችን የምታውቁትን ሰው ደውላችሁ ይሁን። ለዚህ ድልድይ እያለ በግል ስሙ ገንዘብ የሚለምን ቢያጋጥማችሁ ከእኛ አይደለም። የገባውና የወጣው በየወሩ ለጉባኤው ይነበባል፤ ጽሑፉ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይለጠፋል፤ ሩቅ ላላችሁ ደግሞ ፎቶው ይላክላችኋል። ስሜ አይጠራ ያለ አይጠራም። ሲሚንቶ ከተረፈ የሚሄደው ለምንጩ ማጎልበቻ ነው፤ ይህም በቃለ ጉባኤ ተይዟል።

ገንዘብ የሌለው ሙያ ይዞ ይምጣ። ፌሮ የሚያስር፣ ኮንክሪት ሲፈስ አጠገባችን ቆሞ የሚቆጣጠር መሐንዲስ፣ ወደ እነዋሪ ባዶውን የሚመለስ የጭነት መኪና ያለው ሰው ያስፈልገናል። ማደሪያና ምግብ ከእኛ ነው።

ዕቃ የምትልኩ እነዋሪ ድረስ ብቻ አድርሱልን፤ ሲደርስ የእድሩ ሰው ቆጥሮ ተረክቦ ደረሰኝ ይሰጣል። ከዚያ ወዲህ ያለውን በአህያና በጋሪ እኛ እናመጣዋለን።