ማሙሽን ይዤ እንጅባራ ልመጣ ነው

እንዴት ነሽልኝ የኔ እመቤት?

የመጨረሻውን የድምፅ መልእክትሽን ሳልመልስልሽ ዓመት አለፈው። ይቅር በይኝ። ቁጣሽን ስንገናኝ እቀበላለሁ፤ አሁን የምጽፍልሽ ልለምንሽ ነው።

ጥምቀትን አዲስ አበባ እናሳልፋለን። ከዚያ ልጄን ማሙሽን ይዤ እናንተ ጋ፣ ለጥር 23 መምጣት እፈልጋለሁ። አዎ፣ ለአገው ፈረሰኞች በዓል። ዶርም ሳለን የአጎትሽን ፈረሶች ስታወሪልን ሌሊቱ ይነጋ ነበር። ራስሽ ግን ፈረስ ሲቀርብሽ እግሬ አውጪኝ እንደምትይ አልረሳሁም!

ማሙሽ እዚህ ኮሎራዶ ፈረስ ጀምሯል። እንደሱ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከአሰልጣኝ ጋር ፈረስ ላይ የሚቀመጡበት ቦታ አለ። አንድ ሰው ፈረሱን ይስባል፣ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይሄዳሉ፣ ልጁ ሄልሜት አድርጎ ከላይ ነው። የመጀመሪያው ቀን ግን አልወጣም። አሰልጣኟ ያስተማረችው ሰላምታ ብቻ ነው። የእጅህን ጀርባ ዘርጋ፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣ ፈረሱ እስኪያሸትህ ጠብቅ፣ ከዚያ አንገቱን ንካ። ፈረሱ ያረጀ ዳማ ነው፤ ዓይኑ ዙሪያ ሸብቷል። ማሙሽ እጁን ዘረጋ። ጠበቀ። ማሙሽ፣ ጠበቀ! ፈረሱ እፍ ብሎ ሲያሸተው ጆሮው ድረስ ተሰቅሎ የነበረው ትከሻው ቀስ ብሎ ወረደ።

ሌላ ቀን ደግሞ ፈረሱ ራሱን ሲነቀንቅበት ጋማውን እየዳበሰ «ቀስ በል፣ ቀስ በል» አለው። በአማርኛ። ጠዋት ጠዋት ጫማውን ሳስርለት እኔ የምለውን። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀናሁ። እኔን እንደዚያ ዓይን ዓይኔን እያየ አናግሮኝ አያውቅም። መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ከደስታ ይሁን ከቅናት እስካሁን አልለየልኝም። ለባለቤቴም አልነገርኩትም፣ ላንቺ ብቻ ነው።

የእናት ምኞት ብቻ እንዳይመስልሽ። ሮቢን ጋብርኤልስ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እዚሁ ኮሎራዶ የሠራችው ጥናት በፈረንጆቹ 2015 ወጥቷል። ከ6 እስከ 16 ዓመት የሆናቸውን ኦቲዝም ያለባቸው 127 ልጆች በሁለት ቡድን ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን 10 ሳምንት ፈረስ ጋለበ። ሌላው እዚያው እየሄደ ስለ ፈረስ ተማረ እንጂ ከፈረስ ጋር አልተገናኘም። የጋለቡት ልጆች ብስጭታቸውና መቅበጥበጣቸው ይበልጥ ቀነሰ፤ ንግግራቸውና ከሰው ጋር መግባባታቸውም ተሻሻለ። ኦቲዝሙ አይጠፋም፤ ይጠፋል ያለኝም የለም። እኔ እንደማየው ግን ፈረስ ነገሩን ግልጽ ያደርግለታል። ማሙሽ ሲወራጭ ፈረሱ ይቆማል፤ ሲረጋ ይሄዳል። መልሱን እዚያው ያገኛል። ከሰው ፊት ላይ መልስ ማንበብ ነው የሚከብደው።

አብራው የምትሰለጥን ዳውን ሲንድሮም ያለባት ልጅ አለች። ለሁለቱ የሚሰጣቸው ብሩሽ አንድ ነው፤ አሰልጣኟ ሆን ብላ ነው። በፊት ይጣሉበት ነበር። አሁን አንገቱን ቦርሾ ሲጨርስ ራሱ ያቀብላታል።

ባለፈው ደግሞ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት ትልቅ እናት ሊስሙት ጎንበስ አሉ። ድሮ ቢሆን ጩኸቱ አይጣል ነው። የእጁን ጀርባ ዘረጋላቸው። ለፈረሱ እንደሚያደርገው! እሳቸውም ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ ጣቶቹን ያዝ አድርገው ዝም ብለው ቆሙ። ቆይቶ ራሱ ጉንጩን ሰጣቸው።

እና ልመናዬ... እንዴት ብዬ እንደምልሽ ቸግሮኝ ነው እዚህ ድረስ የዞርኩት። እናንተ ቤት እንግዳ እንዴት እንደሚሳም አውቃለሁ። አጎትሽም፣ አክስቶችሽም፣ አንቺም (አንቺ በተለይ!) ልጁን ጎትታችሁ እንዳትስሙብኝ። እጁን እስኪዘረጋ ጠብቁት። ዝም ቢላችሁም ስድ ነው እንዳይባልብኝ። እማዬ ጠበል ይጠመቅ ትላለች፤ እወስደዋለሁ፣ እኔም ደስ ይለኛል። ሰው ጋኔን ይዞታል እያለ ሲንሾካሾክ ግን ልጄ ይሰማል። ባይናገርም ሁሉንም ይሰማል።

በበዓሉ ዕለት ያ ሁሉ ፈረስ፣ ፉከራና አቧራ ስለሚከብደው ከሩቅ እናያለን። ከዚያ በፊት ግን ጸጥ ያለ ሜዳ ላይ ቢወጣ እመኛለሁ። አጎትሽ ጉግስ ያልለመደ፣ ልጅ የለመደ፣ ሸምገል ያለ ፈረስ ይኖራቸው ይሆን? ሶምሶማ እንኳ አያስፈልግም፤ እርምጃ ይበቃዋል። ሄልሜቱን እኔ ይዤ እመጣለሁ። አጎትሽ ይስባሉ፣ እኔ በግራ፣ አንቺ በቀኝ። መሸሽ የለም!

ትኬት የምቆርጠው ካንቺ ስሰማ ነው። ፈረስ ከተገኘ ፎቶውን ላኪልኝ። ማሙሽ ድንገት የመጣ ነገር ስለማይወድ እያሳየሁ አለማምደዋለሁ። የአጎትሽንና የአክስቶችሽንም ፎቶ ጨምሪበት።

የሁልጊዜዋ ጓደኛሽ