ሥራና ቤተሰብ በአንድ መኪና ሲጓዙ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ያገለገለ መኪና ስለመግዛት በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ስለ ሞተር፣ ስለ ካምቢዮ፣ ስለ ሊብሬ ትክክለኛነት፣ እንዲሁም መኪናው ተመልሶ ሲሸጥ ስለሚያወጣው ዋጋ የተሰጠው ምክር ጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ መኪናን ወይ የቤት ወይ የሥራ ብሎ ለሁለት ስለከፈለ፣ በድሬዳዋና በሐረር ብዙ ቤተሰብ የሚተዳደርበትን፣ ጠዋት ዕቃ ጭኖ ማታ ልጆች የሚያመላልሰውን ስቴሽን ዋገን ሳያነሳው አልፏል። ይህ ዓይነቱ መኪና ዕቃና ሰው በአንድ ክፍል የሚይዝ በመሆኑ የራሱ አያያዝ አለው፤ የምጽፍላችሁም ስለዚሁ አያያዝ ነው።

የምተዳደረው በፍሪጅና በኤር ኮንዲሽነር ጥገና ነው። ሥራው በድሬዳዋ ከተማ ከከዚራ ወደ ሳቢያን፣ ከሳቢያን ወደ ገንደ ቆሬ ሲያዞረኝ ይውልና አንዳንድ ቀን ደግሞ ሐረር ያደርሰኛል። ዕድሜ ጠገብ በሆነችው ኮሮላ ስቴሽን ዋገን የኋላ ክፍል የመፍቻ ሣጥን፣ ቫኪዩም ፓምፕ፣ ኮምፕረሰር፣ የመዳብ ቱቦና የጋዝ ሲሊንደር ይጫናል። ከሰዓት በኋላ በዚያችው መኪና ልጆቼ ከትምህርት ቤት ይመለሳሉ፤ በበዓል ሰሞን ደግሞ መላው ቤተሰብ ሐረር ያለችውን አያታቸውን ለመጠየቅ ይሄድባታል፤ ስንመለስም ባለቤቴ ከአወዳይና ከሐረማያ ድንችና ሽንኩርት ሳትሸምት አትገባም።

ፒክ አፕ ለምን አትገዛም የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። ደብል ካቢን ፒክ አፕ ዋጋው ከአቅሜ በላይ ከመሆኑ ሌላ፣ ዕቃውን ለድሬዳዋ ፀሐይ፣ ለአቧራና ለሌባ አጋልጦ ይሰጣል። የስቴሽን ዋገን የኋላ ወለል ዝቅ ያለ ስለሆነ አንድ ሰው ብቻውን ከባድ ዕቃ ሳይጎዳ ሊያወጣና ሊያስገባ ይችላል፤ ወገቡን በሥራ ለሚያደክም ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መኪናዋ የማትችለውንም መናገር ይገባል። ትልቅ ፍሪጅ ቆሞ እንጂ ተጋድሞ መጓዝ የለበትም፤ ከተጋደመ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ስለሚፈስ፣ ቀጥ ብሎ ለሰዓታት ሳይቆይ ኤሌክትሪክ ቢሰጠው ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ለትልቅ ፍሪጅ የጭነት መኪና እከራያለሁ።

የቤተሰብንና የሥራን ፍላጎት በአንድ መኪና ማሟላት ለአካባቢያችን አዲስ አይደለም። ሐረርን የሚያውቅ ሁሉ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የተመረተውን የፔጆ 404 ታክሲ ያስታውሳል። የዚያው መኪና ስቴሽን ዋገን የተሠራው አካሉ ረዝሞ፣ ከኋላ ጭነት እንዲችል ተደርጎ ነበር፤ ፋሚሊያል የተባለው ዓይነት ደግሞ በሦስት ረድፍ ወንበር ቤተሰብ ይይዝ ነበር። የዛሬዎቹ መጠነኛ ስቴሽን ዋገኖች ግን አብዛኞቹ ሰውን ጨምሮ ከ400 እስከ 500 ኪሎ ግራም አካባቢ እንዲሸከሙ የተሠሩ ናቸው። አምስት ሰው ሲሳፈር 300 ኪሎ ገደማ እንደሚሆን ካሰብን፣ አንድ ኩንታል ድንች ሲጨመርበት የቀረው አቅም ጥቂት ነው። ወለሉ ሰፊ መሆኑ ብዙ ይጫንበታል ማለት አይደለም።

ይህን የሚፈትነው የደንገጎ መንገድ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን፣ ወደ ሐረር የሚወስደው ዳገት ግን ከ800 ሜትር በላይ ከፍ ያደርገናል። በዳገቱ ራዲያተሩ ይፈተናል፤ ቁልቁለቱ ግን ከዚያ ይብሳል። የተጫነ መኪና ፍሬን ብቻ እየረገጡ ማውረድ ፍሬኑን አግሎ ያደክመዋልና፣ ገና ከአናቱ ሳይነሡ በከባድ ማርሽ (በአንደኛ ወይም በሁለተኛ) መያዝ ግድ ነው። ከኋላ ብዙ ሲጫን የፊት መብራቱም ሽቅብ ስለሚያይ፣ በማታ ከፊት የሚመጣውን አሽከርካሪ ዓይን ያጭበረብራል።

ከሁሉ አብልጬ እንዲታሰብበት የምፈልገው በኋላ ወንበርና በዕቃው መካከል ያለው ጉዳይ ነው። በሴዳን የቤት አውቶሞቢል ዕቃው ተለይቶ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ በስቴሽን ዋገን ግን ከልጆች ጀርባ የሚገኘው የወንበሩ መደገፊያ ብቻ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ያልታሰረ ኮምፕረሰር የ200 ኪሎ ያህል ኃይል ይዞ ወደ ፊት ይወረወራል። ስለዚህ ከባድ ዕቃ ወለሉ ላይ፣ ከመደገፊያው ጋር ተጠግቶ፣ በጠንካራ ቀበቶ መታሰር አለበት፤ ከወንበሩ ከፍታ በላይ የሚደረደር ነገር ካለም ከጣሪያ እስከ ወንበር የሚዘረጋ መረብ ያስፈልገዋል። ልጆች የደኅንነት ቀበቶ ማሰራቸው ብቻውን ከኋላ ከሚመጣ ብረት አያድናቸውም።

የጋዝ ሲሊንደርም እንዲሁ ነው። የማቀዝቀዣ ጋዝ ሲሊንደሮች ከ52 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ እንዳይሞቁ ተብለው የሚጠበቁ ናቸው፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት፣ መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ይህ ልክ በቀላሉ ይታለፋል። ጋዙ ቢያፈስም በተዘጋው ክፍል ውስጥ አየሩን ስለሚተካ፣ እኔ ልጆቼን ከማሳፈሬ በፊት ሲሊንደሩን ከመኪናው አወርዳለሁ። የሙያ ባልደረቦቼ ሁሉ ይህን ልማድ ቢያደርጉት ደስ ይለኛል። ረጅም ቱቦ ወይም ጣውላ ጭኖ የኋላውን በር በገመድ አስሮ ከፍቶ መንዳትም በከተማችን የተለመደ ነው። መኪናው ሲሄድ ከኋላው የሚፈጠረው የአየር ሽክርክሪት የጭስ ማውጫውን ጋዝ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ ነው። ረጅሙ ዕቃ ጣሪያ ላይ ይታሰር፤ ልጆች ካሉበት ደግሞ የኋላው በር ፈጽሞ ክፍት አይሁን።

ይህን ሁሉ የምለው ስቴሽን ዋገን እንዳይገዛ አይደለም፤ እንዲያውም እንዲገዛ እመክራለሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪናዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተወስኗል። ስለሆነም በአገር ውስጥ ያሉት አሮጌ መኪናዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ገና ለብዙ ዓመት ያገለግላሉ። ገዢው ሞተሩን ብቻ አዳምጦ መመለስ የለበትም። መኪናው ባዶውን ቆሞ ኋላው ከፊቱ ዝቅ ብሎ ከታየ ክብደቱን የሚሸከመው ሞላ ወይም ባሌስትራ ደክሟል ማለት ነው። የኋላ በሩ ሲከፈት በራሱ ጸንቶ መቆሙን፣ የበሩ ዙሪያ ጎማም አለመቀደዱን ይመልከት፤ አለበለዚያ ጭስና አቧራ ይገባል። የወለሉን ምንጣፍ ገልጦ ዝገት ይፈልግ፤ የኋላ ወንበሩን አጥፎ ይመልስና መቆለፊያው መያዙን በእጁ ገፍቶ ያረጋግጥ። የኋላ የደኅንነት ቀበቶዎች ሻጩ ብዙ ዘመን ዕቃ ሲጭን ስለኖረ ከወንበሩ ሥር ተቀብረው ወይም ተቆርጠው የሚገኙበት ጊዜ አለና፣ ሁሉንም አውጥቶ መሞከር ያሻል።

የመኪና ምክር ገጻችሁ በሚቀጥለው ዕትም ዕቃና ቤተሰብ አብረው ስለሚጓዙባቸው መኪናዎች አንድ ጽሑፍ እንዲያወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በተለይ ከወንበር በላይ የሚዘረጋውን መረብ በተመለከተ፣ ለጭነት መኪና ሸራ የሚሰፉ የአሸዋና የቀፊራ ገበያ አካባቢ ባለሙያዎች ሊያዘጋጁት ይችሉ እንደሆነ፣ ከመኪናው አካል ጋር በምን እንደሚያያዝና ምን ያህል እንደሚችል የሚያውቅ መካኒክ አነጋግራችሁ ብትጽፉልን፣ እኔን ጨምሮ ብዙ አንባቢዎቻችሁ እንጠቀምበታለን።

ከአክብሮት ጋር
የማቀዝቀዣ ጥገና ባለሙያ፣ ከድሬዳዋ