የቅዳሜው ፕሮግራም፦ ዴሪክ ትራክስን እናዳምጣለን

ሰላም ለሁላችሁ፣ ቅዳሜ የምናዳምጠው የብሉዝ ጊታሪስቱን ዴሪክ ትራክስን ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ፒያሳ ባለው የልምምድ ክፍላችን።

እሱን የመረጥኩት ገና ልጅ ሆኖ ስለጀመረ ነው፤ መካከላችን ጀማሪ ታዳጊዎች አሉና ይህን ሰው መስማት አለባቸው። በ1979 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ፣ ጃክሰንቪል ተወለደ። የመጀመሪያ ጊታሩን በ9 ዓመቱ፣ ሰዎች ደጃቸው ላይ አሮጌ ዕቃ ሲሸጡ በ5 ዶላር ገዛው። እጁ ትንሽ ስለነበር ክሮቹን በጣት መጫን ከበደው፣ ስለዚህ ጣት ላይ በሚጠለቅ የብርጭቆ ቱቦ፣ በስላይድ፣ መጫወት ጀመረ፤ እስከ ዛሬም መለያው እሱ ነው። ክር መምቻ ፒክ የሚባል አይነካም፣ በጣቱ ነው የሚመታው። በ1999 አጎቱ ቡች ትራክስ ከበሮ ይመታበት የነበረውን ኦልማን ብራዘርስ ባንድን ተቀላቀለ፤ ያኔ ገና 20 ዓመቱ ነበር! በ2010 ከባለቤቱ ከሱዛን ቴዴስኪ ጋር የራሳቸውን ባንድ መሠረቱ፣ የመጀመሪያ አልበማቸውም በ2012 ግራሚ አገኘ። ለእኔ ግን ከሽልማቱ በላይ ጊታሩ እንደ ሰው ድምፅ ማዜሙ ነው የሚገርመኝ።

ጊታርና ስላይድ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። እሱ በሚጠቀምበት ቅኝት አስተካክሉት፦ 5ኛውና 4ኛው ክር አንድ ሙሉ ድምፅ፣ 3ኛው ግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል። ማሲንቆ የምትጫወቱም አትቅሩ፣ ድምፅ ከድምፅ ሲንሸራተት ጎን ለጎን እንስማው።

ከልጅነቱ ቅጂዎች እንጀምር ወይስ ከኦልማን ዘመን? ምርጫችሁንና መምጣታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።