ማዘዣውን አንብቡት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ስለ ቤት ብርበራ ሲወራ የሚነሳው ጥያቄ «ማዘዣ ይዘዋል ወይ?» የሚል ብቻ ነው። ማዘዣው ላይ የሰፈረውንስ ማን ያነባል? የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 33 የሚፈለገው ዕቃ ተለይቶ እንዲጻፍ፣ ከተጻፈው ውጭም ምንም እንዳይወሰድ ያዛል። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ብርበራው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። የተያዘው ንብረት ይዘረዘራል፤ ሲቻልም ገለልተኛ ሰው አይቶ ይፈርምበታል። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አይታጣም፤ ጎረቤት አለ፣ የዕድር ዳኛ አለ። ይጠሩ!

ያለ ማዘዣ መበርበር የሚፈቀደው በቁጥር 32 ለተዘረዘሩት ጥቂት ሁኔታዎች ነው፤ ለምሳሌ ተጠርጣሪው እየተባረረ ቤት ሲገባ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ቃል ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል። አንቀጽ 26 ደግሞ ቤታችንን ከብርበራ ይጠብቃል፤ በሕገወጥ ብርበራ የተያዘ ዕቃ ማስረጃ መሆን አለመሆኑን ግን አይናገርም። ስለዚህ ዳኞቻችን የቀረበላቸውን ዕቃ ከመመዘናቸው በፊት እንዴት እንደተገኘ ይጠይቁ፤ መልሱንም በፍርዱ ላይ ያስፍሩት። ጠበቆችም መቃወሚያችሁን ዕቃው በማስረጃነት ሲቀርብ ወዲያውኑ አስመዝግቡ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ